የንጉሥ ጆርጅ ሣጥንና የደረጃው ቆርቆሮ

በኢየሩሳሌምና በጥቂት ሌሎች የእስራኤል ከተሞች በእግሩ የሚዞር ሰው፣ አልፎ አልፎ ቆብ የደፋ ቀይ የብረት ዓምድ ያጋጥመዋል። ቁመቱ የጎልማሳ ትከሻ ይደርሳል፤ አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ክብ ነው። ደረቱ ላይ ዘውድና ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ፤ «ጂ» እና «አር»፣ የንጉሥ ጆርጅ ምልክት። አምስተኛው ጆርጅ በጥር 1936 ሞተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገሩን በማንዴት ትገዛ የነበረችው እንግሊዝም በግንቦት 1948 ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። ሣጥኑን ግን ማንም ውጣ አላለውም። ዘውዱን እንደ ጫነ ለአዲሱ መንግሥት ደብዳቤ መቀበሉን ቀጠለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው በዚህ ጥቂት ይገረማል። እሱ በሚያውቀው አገር መንግሥት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚወርደው ሐውልት ነው፤ ቀጥሎ የአደባባዩ ስም ይነሣል፤ ከዚያ ተራው የትምህርት ቤቱ ይሆናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እንኳን ንጉሡ ከወረዱ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የፖስታ ሣጥን ከዚህ ሁሉ ያመለጠው ማንም ልብ ብሎ ስለማያየው ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤ የሚከት ሰው የሚፈልገው ቀዳዳውን ነው፤ ዘውዱን ያየው ቢኖር ቴምብር ሰብሳቢና የቸኮለ ባለቤቱን የሚጠብቅ ውሻ ብቻ ነው።

የመንገድ ዳር ሣጥንን ለእንግሊዞች ያስለመደው አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባል የፖስታ ቤት ሰው ነበር። ቀን ቀን የመንግሥት ሥራውን ይሠራል፤ ማለዳ ከሥራ በፊት ደግሞ ወፋፍራም ልብ ወለድ ይጽፋል። ሐሳቡን ከፈረንሳይ አምጥቶ በ1852 በጀርሲ ደሴት አስሞከረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሣጥኖቹ አረንጓዴ እንዲሆኑ ተወሰነ። አረንጓዴው ከዛፉና ከአጥሩ ጋር እየተመሳሰለ ሰው ሣጥን ፍለጋ መንከራተት ሲጀምር፣ በ1874 ቀለሙ ወደ ቀይ ተዞረ። ሁሉንም ቀብቶ ለመጨረስ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። አየርላንድ በ1922 ከእንግሊዝ ስትላቀቅ ሣጥኖቹን አልነቀለችም፤ አረንጓዴ ቀባቻቸው፤ የእንግሊዝ ዘውድ ዛሬም ከአይሪሾች አረንጓዴ ቀለም ሥር አብጦ ይታያል። እስራኤል የቀለም ወጪ እንኳን አላወጣችም። ቀዩን በቀይነቱ ተቀበለች፤ የራሷንም ሣጥኖች ቀይ አደረገች።

እነዚህ ሣጥኖች ገና አዳዲስ በነበሩበት ጊዜ አንድ የከበረ ኢትዮጵያዊ እንግዳ በአጠገባቸው አልፏል። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን በያዘ ሰሞን በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ወረዱ፤ ከዚያም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ግንቦት 10 ቀን 1936 ከኢየሩሳሌም ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታቸውን በቴሌግራም ላኩ። የማንዴቱ መሥሪያ ቤት የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን መምሪያ ይባል ነበር። ያን ሰሞን ለንጉሠ ነገሥቱ የቸኮለው ጉዳይ በቀዩ ሣጥን አፍ የሚገባ አልነበረም፤ በሽቦ መሄድ ነበረበት። የማኅበሩ መቀመጫ ጄኔቫ ቴሌግራሙን በፍጥነት ተቀበለች። መልስ በመስጠት ግን እንደ ተራ ደብዳቤ እንኳን አልፈጠነችም።

ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ወደሆነችው ወደ ቂርያት ማላኪ ሲመጣ ግን ዘውድ የለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ጆርጅ ከሞተ 15 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1951፣ ቃስቲና በተባለው ስፍራ አዲስ ገቢዎች በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት በሰፈሩበት ማዕባራ ነው። ገንዘብ ያዋጡላት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ስለነበሩ ስሟ የመላእክት ከተማ ሆነ። እንግሊዞች ለአካባቢው የተዉት ዋና ቅርስ ሣጥን ሳይሆን ጩኸት ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት የቃስቲና አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የሐጾር የአየር ኃይል ሰፈር ነው። በረንዳ ላይ ቡና ጠጪዎች ወሬያቸውን ለአፍታ አቁመው አውሮፕላኑን ያሳልፉና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሌላዋ የቤተ እስራኤላውያን መኖሪያ፣ ገደራ፣ በዕድሜ ትበልጣለች። በ1884 ቢሉ የተባለው የጽዮናውያን እንቅስቃሴ ወጣቶች ሲመሠርቷት አገሩ የኦቶማኖች ነበር። ያን ጊዜ ያፎ ወርዶ ደብዳቤ መላክ የፈለገ ሰው ችግሩ የሣጥን እጦት ሳይሆን የፖስታ ቤት ብዛት ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት በልዩ ውል እየተጠቀሙ በሱልጣኑ ግዛት ውስጥ የየራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ነበርና፣ ደብዳቤ ላኪው የኦስትሪያን፣ የፈረንሳይን ወይም የሩሲያን ቴምብር ይመርጥ ነበር። በሱልጣኑ አገር ቆሞ የሱልጣኑን ቴምብር አለመግዛት ይቻል ነበር ማለት ነው። ኦቶማኖች ይህን ውርደት ያስቆሙት በ1914 ነው፤ ለመደሰት የቀራቸው ጊዜም ብዙ አልነበረም።

ሦስተኛዋ፣ ያቭኔ፣ ከሁሉም ትቀድማለች። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ራቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ ሊቃውንቱን የሰበሰበባት ከተማ ናት። አዲስ ጨረቃ መታየቷን የሚመሰክሩ ሰዎችም እዚያ ይቀርቡ ነበር። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና እንደሚተርከው ቀድሞ የወሩ መግቢያ ከተራራ ተራራ በእሳት ይነገር ነበር። ሳምራውያን ያለ ጊዜው እሳት እያነደዱ ሕዝቡን ማሳሳት ሲጀምሩ ግን እሳቱ ቀረና በእግር የሚሄዱ መልእክተኞች ተተኩ። ዛሬ በስልኩ ከማያውቀው ቁጥር «ፓኬትህ ታግዷል፣ እዚህ ተጫን» የሚል መልእክት የሚመጣበት የያቭኔ ነዋሪ፣ ከተማው ይህን ዓይነት ጣጣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እንደሚያውቅ ቢነገረው ትንሽ ይጽናና ይሆናል።

እንግዲህ ቅርስ የሚባለው ዘውድ ያለው ብረት ብቻ ከሆነ ቂርያት ማላኪ የምታሳየው የላትም። ይሁን እንጂ ሌላም ነገር፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚነካውና ማንም ፎቶ የማያነሣው ነገር ይቆጠር ከተባለ፣ ሀብታም ናት። ሀብቷ ያለው በየሺኩኑ (በየሕዝብ መኖሪያ ሕንጻው) መግቢያ፣ ደረጃው ሥር ነው።

ሺኩኑን የማያውቅ የለም። አሳንሰር የሌለው ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ነው፤ መግቢያው ላይ የተሰባበረ ጡብ፣ የሕፃን ጋሪ፣ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት አይጠፋም። ግድግዳው ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ሣጥኖች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ትንሽ ቁልፍ፣ አንድ ስም። ግማሾቹ ቁልፋቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚከፈቱት በማንኪያ እጀታ ነው። አንዱ ሣጥን በሩ ተገንጥሎ ክፍት ይውላል፤ ባለቤቱ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ ቢያንስ ቁልፍ አይጠፋበትም።

ውስጡ የሚገኘውን ሁሉም ያውቀዋል። የከተማው ግብር፣ አርኖና፣ አለ፤ የውኃ ሒሳብ አለ፤ የቢቱዋህ ለኡሚ፣ የብሔራዊ ኢንሹራንሱ፣ ደብዳቤ አለ፤ ልጁ ዐሥራ ሰባት ሲጠጋው የሠራዊቱ የመጀመሪያ ጥሪ ይመጣል። ከጤና ድርጅቱ፣ ከኩፓት ሆሊም፣ የደም ግፊት ምርመራ ጥሪ፣ ከአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ከሮሽ ሃሻና፣ በፊት የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ፣ ዓመቱን በሙሉ ደግሞ በማግኔት የተሠራ የቧንቧ ሠራተኛና የቁልፍ ሠራተኛ ማስታወቂያ ይገባል። ማግኔቱ ከደብዳቤው ሁሉ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፤ ባለሙያው ስልኩን ቀይሮ፣ ሥራውን ትቶ፣ ጡረታ ወጥቶም ማግኔቱ እዚያው ነው።

ትልቁ ቁም ነገር ግን የስሙ ወረቀት ነው። አሮጌ ሣጥን ላይ ስም አይፋቅም፤ በላዩ ላይ ይለጠፋል። ከላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሩ ቀስ ብሎ የላጠ ሰው የከተማዋን ታሪክ ያነባል። ከላይ ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ስም፣ ከሥሩ የመጣበትን አገር ከስሙ መገመት የሚቻል የካውካሰስ ሰው፣ ከዚያ ሥር ከሞሮኮ ወይም ከኢራን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቡ ሰዎች ይገኛሉ። ማዘጋጃ ቤት ይህን ያህል የተስተካከለ መዝገብ ስለ ነዋሪዎቹ አያስቀምጥም። የሚያሳዝነው ሙጫው ነው፤ ከኋለኛው ይልቅ የመጀመሪያው ሙጫ ይጠነክራል።

ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ቤት ሣጥን ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ሰፋ ማለት ይወድዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆን አንድ ስም የለም። ቢሮው ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ፎርሙ ላይ ባዶ ቦታ አለና መሞላት አለበት። አንዱን ወንድም ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሙሴ ጊዜ የመዘገበው ጸሐፊ የአያቱን ስም ጻፈለት። ሁለተኛው ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በዘመቻ ሰሎሞን ሲመጣ ሌላው ጸሐፊ የአባቱን ስም ያዘ። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ሁለት ወንድማማቾች በወረቀት ላይ ባዳ ሆኑ። ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተጨመረላቸው። ስለዚህ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሣጥን ላይ አራት የቤተሰብ ስም መጻፍ አስገራሚ አይደለም። አዲስ ፖስተኛ የእንግዳ ቤት ይመስለዋል፤ ወይ ሆቴል ነው፣ ወይ ተከራይ ያበዙ ናቸው ብሎ ያስባል። ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ፖስተኛ ግን ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ የማን ልጅ የትኛው የሠራዊት ክፍል እንደገባ፣ ማን እንደሚያገባ ከሰርጉ በፊት ያውቃል።

ስም የማውጣት ችግር የኢትዮጵያውያን ብቻ እንዳይመስል ማስታወስ ይገባል። አገሩ ራሱ ቴምብሩን ያሳተመው ስሙ ሳይወጣለት ነው። ኦቴ ቫሊሽ የነደፋቸው የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቴምብሮች በድብቅ ሲታተሙ፣ የሚቋቋመው መንግሥት ስሙ ማን እንደሚሆን ገና ስላልተወሰነ፣ በላያቸው «ዶአር ኢቭሪ»፣ የዕብራይስጥ ፖስታ ማለት ነው፣ ተብሎ ተጻፈ። መንግሥቱ ከታወጀ በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1948፣ ለሽያጭ ወጡ። ከቴምብሩ ሥር የሚንጠለጠለው ጽሑፍ ያለበት ወረቀት፣ የዘመኑ ሰው ቀዶ የጣለው፣ ዛሬ ዋጋውን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። አገር ስሙ ሳይታወቅ ደብዳቤ መላክ ከቻለ፣ ከሴሜን ተራራ የመጣ ሽማግሌ በሦስት ስም ደብዳቤ ቢቀበል ምን ይደንቃል?

ሽማግሌው ራሱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚደንቀው። ፖስታ ቤቱ ቤቱ ድረስ መምጣቱ።

በኢትዮጵያ በተለምዶ ደብዳቤ ወደ ሰው አይመጣም፤ ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄዳል። ሽማግሌው የሚያውቀው የኢትዮጵያ ፖስታ ደብዳቤ ቤት ለቤት አያድልም ነበር፤ አድራሻ ማለት ፖ.ሣ.ቁ. ነው። ሣጥኑ ያለው ፖስታ ቤት ውስጥ ነው፤ ቁልፉ የተከራየው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሣጥን ያለው ሰው የተከበረ ነው፤ በእሱ ሣጥን የሚጠቀሙ ዘመዶቹ፣ ጎረቤቶቹና የእድር አባላቱ ብዙ ናቸው። የገጠሩ ሰው ደግሞ ደብዳቤው በትምህርት ቤት ወይም ከተማ ውስጥ ሱቅ ባለው ዘመድ በኩል ይመጣለታል፤ በገበያ ቀን ይነገረዋል። አያቶቹ ዘንድ ፖስታ ሣጥን የሚባል አልነበረም፤ መልእክተኛ ነበር። የጥንት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ይዞ በሩቁ እያሳየ ይሄድ ነበር፤ ላብ አይነካውም፣ የሚያየውም ሰው የመልእክት ተሸካሚ መሆኑን አውቆ መንገድ ይለቅለታል።

አፄ ምኒልክ ዘመናዊውን ፖስታ ያወጁት በ1894 ነው። ቴምብሮቹ በፓሪስ ታተሙ፤ የቀረጻቸው ዩጂን ሙሾን የፈረንሳይንም ቴምብሮች የቀረጸ ሰው ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌሎቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። አንበሳው ግን ጉልበቱ እስከ ጅቡቲ ድረስ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ባሕር የሚሻገር ደብዳቤ ከአንበሳው ጎን የፈረንሳይ ሶማሌ ላንድ ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። ይህን ሁሉ በአዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ባለው የፖስታ ሙዚየም ገብቶ ማየት ይቻላል፤ ቤተ እስራኤላውያን ጎብኚዎች ለዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ በቸርችል ጎዳና በበሩ ላይ ያልፋሉ፤ ብዙዎቹ ግን ወደ መርካቶ የቸኮሉ ናቸው።

የቤተ እስራኤል ፖስታ ደግሞ ለብዙ ዘመን ሣጥን አላየም። በ1906 አርባ አራት ራቢዎች የፈረሙበት የማጽናኛ ደብዳቤ ለማኅበረሰቡ ተጽፎ ነበር፤ የዚህ ደብዳቤ ነገር ቤተ እስራኤልን ያጠና ከነበረው ምሁር ከዣክ ፋይትሎቪች ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። አርባ አራት ፊርማ፣ አንድ መንገደኛ። መንገደኛው ቢታመም አርባ አራቱም ዝም ይላሉ።

ከዚህም በኋላ ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ቤተ እስራኤላዊው ፈረደ አክሉም በ1979 ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ካርቱም ሲገባ ያደረገው ነገር ለእርዳታ ድርጅቶች መልእክት መጻፍ ነበር። ከመልእክቶቹ አንዱ እጅ ለእጅ ተሻግሮ እስራኤል ደረሰ፤ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድም ወኪሉን ዳኒ ሊሞርን ሰውየውን ፈልጎ እንዲያገኝ ሱዳን ላከው። በሱዳን በኩል የተከፈተው መንገድ የተጀመረው በዚህ ነው። የመንገድ ዳር ቀይ ሣጥን አምላኪዎች ቢኖሩ ለዚያ መልእክት ሐውልት ባቆሙ ነበር።

ቤተሰቡ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ፣ ገሚሱ ቂርያት ማላኪና ያቭኔ፣ ገሚሱ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ፣ ወረቀቱ በካሴት ተተካ። ሁለቱ አገሮች በ1973 ያቋረጡትን ግንኙነት የቀጠሉት በ1989 መጨረሻ ነውና በመካከል ካሴት የሚያደርሰው የታመነ ሰው ነበር። ካሴቱ ግን የደብዳቤውን ሥርዓት አልለቀቀም። የድሮው ደብዳቤ የመጀመሪያው ገጽ ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ሰላም በሉልኝ የሚባሉት ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ ጉዳዩ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ይመጣል። ካሴቱም እንዲሁ ነው፤ አንደኛው ፊት በሙሉ ሰላምታ፤ ሁለተኛው ፊት ልቅሶና የሙታን ስም፤ ወሳኙ ዜና ክሩ ሊያልቅ ሲል ይነገርና መካከል ላይ «ጭቅ» ብሎ ይቆማል። ልጅቱ አገባች ወይስ ታጨች፣ የሚቀጥለው መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ አይታወቅም። የዚያ ዘመን ካሴቶች ዛሬም በየመሳቢያው አሉ፤ የሚያጫውታቸው ቴፕ ግን የለም።

በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ቂርያት ማላኪ ሲገባ የደረጃው ቆርቆሮ ቁልፍ ተሰጠው። ሣጥን አለው፤ የራሱ! በአገሩ ይህ የነጋዴና የመሥሪያ ቤት ክብር ነበር። ችግሩ ሣጥኑ ሲከፈት ውስጡ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ መኖሩ ነው። «ለጤናዎ እንደምን አሉ» የሚል አርኖና እስካሁን አልታየም። ቢቱዋህ ለኡሚ በመጀመሪያው መስመር የመታወቂያ ቁጥር ይጠራል፤ በሁለተኛው ሰነድ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው ቀነ ገደብ ያስቀምጣል። አንድ ሽማግሌ ለዚህ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ «የሚጽፉት ሰዎች አባት የላቸውም» ይላሉ።

ደብዳቤውን የሚያነበው ደግሞ የልጅ ልጅ ነው። በመንደሩ ደብዳቤ የሚያነበው ቄሱ ወይም ተማሪው ነበር፤ ስልጣን ነበረው፤ የሚያነበውን የሚያጠፋ የሚያርም አልነበረም። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጅም ሥልጣኑን ወርሳለች፤ ነገር ግን ከቄሱ የሚለያት አንድ ነገር አለ፤ አንዳንዱ ደብዳቤ ስለ ራሷ የተጻፈ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት አያቷ ፊት ቆማ «አስተማሪዋ በጣም ጎበዝ ናት ትላለች፤ ነገ ለመዝናኛ ሃያ ሼቄል ይዘሽ ነይ ትላለች» ብላ ታነባለች። አያት ሃያ ሼቄሉን ይሰጣሉ። ወላጆች ስብሰባ የተጠሩበት ወረቀት ምን እንደሚል የሚታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አስተማሪዋ ራሷ ስትደውል ነው። የትርጉም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢዘለው ይበድላል።

ከቆርቆሮው ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ግን እዚያው አያበቃም። ቀጭኗ ወረቀት፣ «ዶአር ራሹም (የአደራ ደብዳቤ) መጥቶልዎታል» የምትለው፣ ሰውን ከቤት ታስወጣለች። ድሮ ሰው ወረቀቱን ይዞ ተራ ይቆም ነበር፤ ዶአር ደብዳቤ የሚቀበሉበት ብቻ ሳይሆን አርኖና የሚከፈልበት፣ ገንዘብ የሚላክበት፣ የጡረታ አበል የሚወጣበት፣ ወሬ የሚታደስበት ስፍራ ነበር። ማን ታመመ፣ ማን ከገደራ ሻፒራ ሰፈር ቤት ገዛ፣ ማን ለሲግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ስንት አውቶቡስ አዘጋጀ፣ ከሠራተኛው ጠረጴዛ ፊት ካለው ወንበር ይገኛል። አሁን ቶር በስልክ ይያዛል፤ ተራ የያዘ ሰው በሰዓቱ ይገባና በአምስት ደቂቃ ይወጣል። ይህን እድገት ነው የሚሉ አሉ። ከወንበሩ ላይ ወሬ ያጡት አዛውንቶች ግን ይህን እድገት አልጠየቁም።

ፓኬትም ከፖስታ ቤቱ ሸሽቷል። በሰፈሩ ሱቅ፣ በማኮሌት ውስጥ፣ በወተቱና በቢራው መካከል ይቀመጣል፤ የሱቁ ባለቤት ከኋላው ካለው ክምር የስሙን ጅማሬ ፈልጎ ያወጣል። ይህ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሱቅ ያለው ዘመድ በኩል ደብዳቤ መቀበል ከመንደር የለመዱት ነው። ዘመናዊው የእስራኤል ፖስታ ዞሮ ዞሮ ወደ ጎንደር የገበያ ቀን መጣ። ልዩነቱ የማኮሌቱ ባለቤት ስለ ፓኬቱ ይዘት አለመጠየቁ ብቻ ነው፤ የጎንደሩ ይጠይቅ ነበር።

በብሪታንያ 115,000 የሚጠጉ የፖስታ ሣጥኖች አሉ፤ የፖስታ ድርጅቱና የቅርስ ባለሥልጣናት በ2002 አሮጌዎቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተስማምተዋል፤ ሣጥን እየዞሩ የሚመዘግቡ የማኅበር አባላትም አሉ። እስራኤልም ከ1984 ጀምሮ የቅርስ ቦታዎች ጥበቃ ምክር ቤት አላት። ሆኖም ማንም ከእነዚህ ሁሉ የደረጃው ቆርቆሮ ጉዳይ ግድ ብሎት አያውቅም። ዘውድ የለውማ! እንዲያውም ሕንጻው ሲታደስ መጀመሪያ የሚወልቀው እሱ ነው። ሠራተኛው በመዶሻ ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ የሦስት ማዕበል ገቢዎች ስም ከነሙጫው ከሲሚንቶ ፍርስራሽ ጋር በመኪና ይጫናል። ቢያንስ ከአንድ ሺኩን አንድ ረድፍ ነቅሎ ለቤተ መጻሕፍት ኮሪደር መስጠት ከባድ ሥራ አይደለም፤ መፍቻና አንድ ትርፍ ከሰዓት ይበቃል። የንጉሥ ጆርጅ ሣጥን የንጉሡን ስም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ይህኛው የነዋሪውን ሁሉ ይነግራል።

አዲሱ ሕንጻ ይመጣል፤ አሳንሰር አለው፤ መግቢያው እብነ በረድ ነው። የደብዳቤ ሣጥኖቹም ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ልክ የሆኑ ናቸው። በላያቸው የሚጻፈው የቤት ቁጥር ብቻ ነው። ከሺኩኑ የተዛወሩ እናት ግን በዚህ አይስማሙም። ስም ይጻፍ ይላሉ፤ የባላቸው፣ የታላቁ ልጃቸው፣ የታናሹና የእሳቸው፤ ሁሉም የየራሱ ደብዳቤ ይመጣበታል። የሕንጻው ኮሚቴ፣ የቫዓዱ፣ ሊቀ መንበር አንድ መስመር ብቻ ይፈቀዳል፣ ውበቱ ይበላሻል ይላል። እናት «ውበቱን ፖስተኛው ያነብበዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጃቸው በትንሽ ፊደል አራቱንም በአንድ መስመር እጽፋለሁ ብሎ ይማልዳል። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ስንት ፊደል እንደሆነ ቆጥሮ እንዲያመጣ ይጠይቀዋል። ጉዳዩ ከአሳንሰሩ ጥገና ሒሳብ ቀጥሎ በሚመጣው ስብሰባ ላይ ይታያል፤ የስብሰባው ማስታወሻም ለሁሉም ነዋሪ በሣጥኑ ይደርሳል ተብሏል።